ቀንድ አውጣ የበላው አማች

ሱክኒ ባሏን የወደደችው ቀንድ አውጣ መብላት ስላቃተው ነው። ማንቢር በብርድ ወራት ከኔፓል ተራሮች ብርቱካን ተሸክሞ ቆላ ወረደና፣ የቆላው ጫካ ተወላጅ በሆኑት በሱክኒ ወገኖች፣ በታሩዎች መንደር ቀንድ አውጣ ቀረበለት። ታሩ የቀንድ አውጣውን ቂጥ ሰብሮ በአንድ ትንፋሽ ይመጠዋል። እሱ በእሾህ ሲቆፍር ዋለ።

«ሕፃን እንኳ መጥባት አያቅተውም!» አለችው ሱክኒ። እስከ ጆሮው ቀላ። በወሩ ተጋቡ።

ደገኛ ዝናብ ሳይጥል ወደ አገሩ ይሸሻል፤ የቆላው ወባ አይምረውም። ታሩ ግን እዚያው ጫካ ውስጥ ወልዶ ከብዶ ያረጃል። ደገኞች ምስጢሩ ቀንድ አውጣው ነው ይላሉ፤ ሱክኒም ከልቧ ታምናለች። ስለዚህ አዲሱን ባል ጠዋት ማታ አበላችው። ከወደዱ ከነንፍጡ ነውና እያቅለሸለሸው ዋጠ።

«አሁንስ ታሩ ሆንኩ?»

«ጆሮህ ቀርቷል፤ ዛሬም ይቀላል» ትለዋለች።

ዝናቡ በጣለ በሁለተኛው ሳምንት፣ አገሩ ሳይመለስ የቀረው ማንቢር በወባ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሱክኒ ቀንድ አውጣ ልትቀቅል ሮጣ ድስት ስትጥድ አባቷ ቼዱ እጇን ያዙ።

«ተይው ልጄ። መድኃኒቱ እዚያ የለም።»

«ታዲያ እኛን ምን ጠበቀን፣ አባባ?»

«ሞት። ይህ ጫካ ድሮ ከአሥር ልጅ ዘጠኙን ይበላ ነበር አሉ። እኛ የተረፈው የአንዱ ዘር ነን። ደም ነው፣ ጉብዝና አይደለም። የሱ አያቶች ይህን ወባ የት ያውቁታል?»

ሐኪሞች ይህንኑ ለማለት ስንት ዘመንና ስንት መሣሪያ ፈጀባቸው!

«ለኔ ብሎ ቀረ፤ እኔ በቀንድ አውጣ ሸነገልኩት» ብላ አለቀሰች። ከዚያ በበሬ ጋሪ ጭናው ወደ ተራራው ነዳች። አክስቷ እየተከተሉ ጮኹባት፦

«አንቺ እብድ! የደጋው ብርድ ይፈጅሻል! አያቶችሽ ብርድ አያውቁም!»

«እኔ ገና አውቀዋለሁ!»

የጋሪው መንገድ ከተራራው ግርጌ አለቀ። የታሩ ሴት በአናቷ እንጂ በጀርባዋ አትሸከምም። ሱክኒ ከደገኞች የሸክም ቅርጫት ተዋሰች፣ ማሰሪያውን ግንባሯ ላይ አደረገችና ተንበረከከች።

«ተመለሺ» አላት በደከመ ድምፅ።

«ዝም ብለህ ግባ!»

ሦስት ቀን ተራራውን ወጣች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀውና ከጀርባዋ «ራበኝ» የሚል ድምፅ ሰማች። መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ዳግመኛ ለኑሮ ቆላ አልወረደችም።