ደቂቅ ነፍሳት

በጠርሙስ ያደረ የኩሬ ውሃ ሲከፈት የሚወጣው የጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ፣ ዛሬ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜም፣ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ አንሥቶ ሞጣ ይጥለኛል፤ ያየነውን እንድንስል ስንታዘዝ እኔ እርሳሴን እንደያዝሁ አክስቴን ዘርትሁንን አስባለሁ።

አክስቴ የቢቸና ሰው ናት። ባሏ የቅኔ መምህር ስለነበሩ ከእሳቸው የለመደችው ግዕዝ በወሬዋ ሁሉ ጣል ጣል ይል ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ አንዲት ልጇን ኩፍኝ ሲወስድባት ቢቸናን ማየት ጠልታ ሞጣ መጣች፤ እኔም ለትምህርት እሷ ዘንድ ተቀመጥሁ።

ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ተብሎ በሬዲዮ በተወራበት ሰሞን፣ ከሐረር የተመደቡልን የሳይንስ መምህር በወላጆች ቀን አዲሱን ማይክሮስኮፕ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር አቁመው፣ ከምንጫችን የተቀዳ ጠብታ ውሃ አኖሩበትና፣ «በዚህ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ደቂቅ ነፍሳት አሉ» አሉ። ትንንሽ ተንቀሳቃሽ ተሐዋስያን ማለታቸው ነበር። አክስቴ ግን በባሏ ግዕዝ ሰማችው፤ ደቂቅ ልጆች ናቸው፣ ነፍሳትም የሙታን ነፍስ። ተራዋ ደርሶ ዓይኗን ከደቀነች በኋላ አልነሣም አለች።

«ኧረ ዘርትሁን፣» አሉ ከኋላዋ የቆሙት ጎረቤታችን፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ፣ «ጨረቃ የወጡት እንኳ ተመልሰዋል፤ አንቺ መቼ ልትመለሺ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አክስቴም ስትስቅ መጀመሪያ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ዓውደ ዓመት መሰለ። ጎሕ ሲቀድ ምንጭ ትወርዳለች፣ እንስራዋን አዝላ እሹሩሩ እያለች ትመለሳለች፣ ከመጠጣቷ በፊት ታማትባለች። ምክንያቱን አላውቅም ነበር፤ ደስታዋ ግን ተጋብቶብኝ እኔም አብሬያት አንጎራጉር ነበር። አንድ ቀን፣ መምህሩ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ስላሉን፣ ድስት ስጥድ ደርሳ ከእጄ መነጠቀችኝ።

«ልጄን ልትቀቅያት ነው?»

በማግስቱ፣ ነገሩን ብነግራቸው፣ መምህሩ ራሳቸው መጡ። መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ፣ ጥቃቅን ትሎች ማለቴ ነው፤ ሕመም የሚያመጡ» አሏት።

«ትል?» አለች። «እኔ እኮ አይቻት ነበር የኔታ። ስትሯሯጥ።»

«ትል ነው፣ እትዬ።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እሳቸው እንደ ሄዱ እሳቱን ራሷ አነደደች።

ከዚያ ወዲህ ሆዳችንን አሞን አያውቅም፤ መምህሩ እውነታቸውን ነበር። ነገር ግን ያ እውነት የሰጠንን ጤና ከወሰደብን ጋር ሳስተያየው አይመዛዘንልኝም። አክስቴ ምንጭ መውረዱን ለእኔ ተወችው። ከሞጣ እስክወጣ ድረስ፣ ውሃ ይዤ በገባሁ ቁጥር ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ አገኛታለሁ፤ ፊቷን ሳትመልስ፣ «አፍይው» ትለኛለች።