ከሻሽ በላይ የታዩት ዓይኖች

ፒልሱን ወደ ሐኪሙ የሄደችው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። የዕድሜ ልክ ጓደኛዋ ዮንጃ ሁልጊዜ የምትለው እንዲህ ነው። ከዚያ ደግሞ ራሷን ትጠራጠራለች። «ኅዳር ከሆነማ ለብርድ ወራት የምናስቀምጠው ጥቅል ጎመን በጨው ተዘፍዝፎ ግቢው መሄጃ ያጣ ነበር። አይ፣ ጥቅምት ነው። ግን ጥቅምት ከሆነ ያን ወፍራም ሹራብ ምን አስለበሳት?» ወሩ ይጥፋባት እንጂ ሌላው ሁሉ እንደ ትናንት ነው።

ሁለቱም ቦልግዮ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው እስከ አድማስ በሚዘረጋበት መንደር ነው ያረጁት። ውሃው ሄዶ እስኪመለስ ባለው ጊዜ የመንደሩ ሴቶች ረጅም ሳንቃ ላይ በአንድ ጉልበት ተንበርክከው፣ በሌላው እግር ጭቃውን እየገፉ ሥጋው የሚበላ ዛጎል ይለቅማሉ። ፒልሱን ለዮንጃ በሁለት ዓመት ታላቋ ናት። በጉብዝናዋ ጊዜ ሳንቃዋ ጭቃው ላይ እንደ ዳክዬ ሲንሸራተት የሚደርስባት አልነበረም። አሁን ግን የዓይኗ ቆብ እንደ ረጠበ መጋረጃ ወርዶ ግማሽ ዓይኗን ሸፍኖታል። ለማየት አገጯን ሽቅብ ማንሳት አለባት። የማያውቃት ሰው ኩራተኛ ትመስለዋለች።

በዚያው ዓመት በጸደይ አቅጣጫ ስታ፣ ውሃው መመለስ በጀመረበት ሰዓት ወደ ጥልቁ ቦይ ተንሸራተተች። ዮንጃ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኻ፣ በመጨረሻም በገመድ ጎትታ አወጣቻት። በማግስቱ የሴቶቹ ማኅበር አለቃ «ወይ ዓይንሽን አሠሪ፣ ወይ ዳር ቁጭ በይ» አለቻት። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ዓይኗ ካልተገለጠ በሚመጣው የብርድ ወቅት ጭቃው ላይ አትወጣም። ጭቃው ላይ ያልወጣች ፒልሱን ደግሞ ምን እንደምትሆን ራሷም አታውቅም።

ልጇ ግን ደስ አለው። በዚያ አገር ልጅ ለእናቱ ካፖርት እንደሚገዛ ሁሉ ፊቷንም ያሳድስላታል። ክዋንጁ ከተማ ያለ ስም ያለው የውበት ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ደውሎ ቀጠሮ ያዘላትና «እማዬ፣ ዓይንሽን ብቻ አይደለም፣ ግንባርሽንም ጉንጭሽንም ነግሬያቸዋለሁ። ስታገግሚ እኔ ጋ ፎቅ ላይ ትኖሪያለሽ፤ ጭቃው ይበቃሻል» አላት። ፒልሱን ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ዮንጃ ቤት መጣች።

«ግንባሬ ምን አደረገው?» አለች ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። «እኔ የማላይበት ዓይኔን ነው የማሠራው። የማያይ ዓይን ከግንባር በምን ይለያል?»

«እሱን ለእኔ ሳይሆን እዚያ ላለችው ሴትዮ ንገሪ» አለች ዮንጃ። የራሷን ልጅ አጅባ እንዲህ ያለ ክሊኒክ ሄዳ ስለነበር ነገሩን ታውቀዋለች። ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት አንዲት ምላሷ ማር የሆነ አማካሪ ትመጣለች። ለዓይን የመጣውን ለአፍንጫም ለአገጭም አስማምታ የምትሸኘው እሷ ናት።

ስለዚህ በቀጠሮው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ዮንጃ ቤት ከሥሩ በሚሞቀው ወለል ላይ ተቀምጠው ተለማመዱ። ዮንጃ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰክታ፣ ድምጿን አቅጥና አማካሪዋን ሆነች።

«እንኳን ደህና መጡ እናታችን! ውይ፣ ቆዳዎ ሲያምር!»

«አመሰግናለሁ» አለች ፒልሱን እጅ ነስታ።

«አታመስግኚ! ካመሰገንሻት ጉንጭሽ ሄደ።» ዮንጃ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እናታችን፣ ዓይኑን አድሰን ግንባሩን እንዲህ ብንተወው፣ ቤቱን ሠርቶ አጥሩን እንደመርሳት አይሆንብንም?»

ፒልሱን አሰበች። «እሱስ እውነትሽን ነው።»

«እትዬ!»

«ምን ላድርግ? እንዲህ በፍቅር ለምታናግር ሰው እምቢ ይባላል?»

«ዛጎልሽን በነጻ ካልሰጠሽኝ የሚልሽን ነጋዴ ምን ትዪዋለሽ?»

«እሱንማ፣ ሂድ ከዚህ ነው የምለው!»

«በይ እኔንም እንደዚያ በይኝ።»

ፒልሱን ወገቧን አቃናች። አገጯን አነሳች። «ሂጂ ከዚህ! ዓይኔን ብቻ!» ስትል ጎረቤት ያለው ውሻ ጮኸ። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ክሊኒኩ ሌላም ነገር አዝዞ ነበር፤ ፊቷን ምንም ሳትቀባ እንድትመጣ፣ በወጣትነቷ የተነሳችውን ፎቶግራፍም እንድታመጣ። ሐኪሙ ቆቡ ዱሮ እንዴት ይታጠፍ እንደነበር ማየት ይፈልጋል። ፒልሱን የሠርጓን ፎቶ ሳይቀር አውሎ ነፋስ ከነጣሪያው ወስዶባታል። የቀራት ግድግዳዋ ላይ የኖረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ከነመስተዋቱ ታቅፋ መጥታለች። ሦስት ሴቶች ጭቃው ላይ ቆመዋል። ፀሐዩንና ነፋሱን ለመከላከል ፊታቸውን በሻሽ ጠምጥመውታል፤ የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው።

«ለሐኪም ደግሞ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?» አለች ፒልሱን ኮራ ብላ፣ ጣቷን መሃለኛዋ ላይ አሳርፋ። «እዪ፣ ወለል ያለ ዓይን!»

ዮንጃ አጎንብሳ አየች። ያ ቀን መጣባት፤ የጭቃው ሽታ፣ ፎቶ አንሺው እስከ ጉልበቱ ሰምጦ ሲንደፋደፍ የሳቁት ሳቅ።

«እትዬ፣ መሃለኛዋ እኮ እኔ ነኝ።»

«ምን ቆርጦሽ!»

«እጅጌዋን እዪው። በመረብ ክር የጠቀምኩት ነው።»

«ሁላችንም በመረብ ክር ነበር የምንጠቅመው። አንቺ ብቻ ነሽ መርፌ ያለሽ?»

«አንቺ ይቺ በቀኝ ዳር ላይ ያለችው ነሽ። ሦስተኛዋ ሳምሬ ናት። ሳምሬ ብትኖር ትመሰክር ነበር።»

«ሳምሬ ብትኖር መሃለኛዋ እኔ ነኝ ብላ ከሁለታችንም ትነጥቀን ነበር!»

ዮንጃ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ዳር ላይ ካለችው አልተነሳም። ያች ሴት ያን ጊዜም ዓይኗ ጠባብ ነበር፤ እንደ እናቷ ከበድ ያለ፣ ፀሐይን በጥርጣሬ የሚያይ። ለሐኪሙ ይኼ ከቀረበ «ተፈጥሮዎ ነው፣ ይልቅ ግንባሩን እናንሳ» ቢልስ? ዝም ልበል ይሆን? ብላ አሰበች። ግን አላስቻላትም።

«እና የእኔን ዓይን አሰፍተሽ ልትመጪ ነው?»

«ባሰፋውስ? አንቺ ስትተኚበት ነው የኖርሽው።» ፒልሱን ፎቶውን በሻርፕ ጠቀለለችው። ሳቋ ጠፋ። «የፈለገው ዓይን ይሁን። ውሃው ሲመለስ ከሩቅ ልየው። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ፎቅም አልወጣም።»

በማግስቱ ጠዋት ዮንጃ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘቻት። ልጇ በመኪና ልውሰድሽ ቢላት ፒልሱን ክሊኒኩ እንገናኝ ብላዋለች፤ መንገድ ላይ በወሬ እንዳያባብላት ፈርታ ነው። ያለ ክሬም፣ ያለ ባርኔጣ የቆመችውን ፒልሱን ዮንጃ በዚያ ብርሃን አይታት አታውቅም። የጉንጯ ማዲያት፣ ነፋስ የሠራው መስመር፣ ሁሉም ገሃድ ነው።

አውቶቡሱ ከኩርባው ብቅ ሲል ፒልሱን ሻርፑን ፈታች። ፎቶው ላይ በጥፍር ቀለም ትንሽ ነጥብ አድርጋለች፤ መሃለኛዋ ላይ ሳይሆን ዳር ላይ ካለችው ጎን።

«ይቺን ነው የማሳየው» አለች።

«ትናንት እኮ...»

«የሰው ቅርጫት ይዞ ገበያ የወጣ ሰው አንድ ጊዜ የማን ነው ካሉት አለቀለት፤ ምላሱ ይታሰራል። እኔ ከዚያች ሴትዮ ጋር በራሴ ዓይን ነው የምከራከረው። ጠባብ ነበር፤ ጠባብ ይሁን። የወደቀበትን ብቻ ያንሱልኝ።»

ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። «እናቶች፣ የምትሳፈሩ ከሆነ ተሳፈሩ እንጂ!»

«መጣሁ፣ አትጩህ! አላይም እንጂ እሰማለሁ!» ብላ ፒልሱን የደረጃውን መደገፊያ ጨብጣ ወጣች።

ዮንጃ እጇን ዘረጋች። ያ ፎቶ በዚያ ግድግዳ ላይ ስንት ዘመን ተሰቅሏል! ለልጇ አማቶች፣ ለልጅ ልጆቿ፣ ለፖስተኛው ሳይቀር «መሃለኛዋ እኔ ነኝ» ስትል ሰምታታለች። መሃለኛዋ እሷ አለመሆኗን እያወቀች ነበር? ወይስ ትናንት ማታ ብቻዋን ሆና ነው ያወቀችው? «እትዬ፣ ቆይ አንዴ...» ስትል በሩ ተዘጋ። ፒልሱን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ አገጯን ሽቅብ አንስታ ከፊቷ ያለውን መንገድ ታያለች፤ ዘወር አላለችም። አውቶቡሱ ድልድዩን ተሻገረ።