ባጠራሁት ቁጥር የሚሸት አረቄ

በባሌ ተዝካር ዕለት የእኔ አረቄ ሳይቀዳ ቀረ። ቤቱ የእኔ፣ ድግሱ የእኔ፣ ሟቹም የእኔ ባል ሆኖ ሳለ፣ ለካህናቱ የተቀዳው ታላቅ እህቱ ከቤቷ በጀሪካን አስጭና ያመጣችው ነበር። የእኔን አንዴ ቀመሰችና ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ይሄ ጢስ ጢስ ይላል፤ ለበኋላ ይቆይ» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ማድረግም አያስፈልጋትም፤ እሷ ስትናገር ዳሱ ሁሉ ዝም ይላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለሙት ዓመቱ ጥርት ያለ፣ ምንም የማይሸት አረቄ አውጥቼ እሷው ፊት ማስቀዳት። ሌላውን በደሏን እዚህ አልጽፈውም። የሚያውቀው ያውቀዋል። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን እንደ ልቤ ልጻፍ።

አረቄ ማውጣት ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ተድሬ ታች ጋይንት ስመጣ እናቴ ቤት ጠላ ይጠመቅ ነበር እንጂ አረቄ አይወጣም ነበር። ድፍድፉ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ እሳቱ ምን ያህል እንደሚለዝብ፣ ማሰሮውና እንፋሎቱን የሚያወጣው መቃ የሚጋጠሙበት በሊጥ እንዴት እንደሚመረግ አንድ በአንድ አሳየችኝ። በመጨረሻ አረቄው የሚንጠባጠብበትን ገንቦ አነሳችና በወይራ ጢስ ላይ ደፋችው። «ለጠላ እንደምታጥኚው ነው» አለችኝ። እኔም ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲሁ ሳጥን ኖርኩ። ባሌ ክፉም ደግም ብሎኝ አያውቅም። ይጠጣል፣ ጢሙን ይጠርጋል፣ ይተኛል።

ሙት ዓመቱ ሁለት ወር ሲቀረው ሥራ ጀመርኩ። ጥፋቱ የጌሾው ይሆናል ብዬ ጌሾውን ከሌላ ሴት ገዛሁ። ያው ነው። መቃው አርጅቶ ይሆናል ብዬ አዲስ አስቆረጥኩ። ያው ነው። መጀመሪያ የሚወርደውን፣ ያን አፍንጫ የሚሰነጥቀውን፣ ከበፊቱ አብልጬ ደፋሁ። ያም አልፈየደም። ከዚያ የወጣውን በውኃ አቅጥኜ እንደገና ጣድኩት፤ ዳግም የሚሉት ነው። ዳግም ሲሆን ይጠራል ሲሉ ነበር የምሰማው። የእኔ ግን ጭራሽ ባሰበት። ሦስተኛ አወጣሁት። አሁንማ አፍንጫዬን የታጠነ ጋን ውስጥ የከተትኩ መሰለኝ።

ነገሩ ሊገባኝ አልቻለም። ልብስ በታጠበ ቁጥር ይነጣል፤ በታጠበ ቁጥር የሚያድፍ ምን ዓይነት ነገር ነው? የራሴን አፍንጫ ተጠራጠርኩ። ምድጃውን ከቦታው አዛወርኩ። መተት ይሆን ብዬም አስቤያለሁ፤ ያሠራችው ማን እንደሆነች ደግሞ ለአፍታ አልተጠራጠርኩም።

ከዚህ ያወጣችኝ አርብ ገበያ ጀሪካን የምትሸጥ አንዲት ሙስሊም ሴት ናት። ፕላስቲኩ ይሆናል ብዬ ጀሪካኑን ከነአረቄው ይዤባት ሄድኩ። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው።

«እማማ፣ እኔ ይሄን ቀምሼ አላውቅም፤ አልቀምስምም። ግን ይሄ ወይራ ነው። የእኔ ጀሪካን ደግሞ ወይራ አያበቅልም።»

«ገንቦውን አጥነዋለሁ።»

«የቱን ገንቦ?»

«የሚንጠባጠብበትን ነዋ።»

«መቼ መቼ?»

«ባወጣሁ ቁጥር። ይሄን ሦስቴ አጠራሁት፤ ጭራሽ ባሰበት።»

በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። «ታዲያ ሦስቴ አጠራሁት ሲሉ ሦስቴ አጥነውታላ። ሌላ ጀሪካን ልሸጥልዎ እችል ነበር፤ ግን ተመልሰው መጥተው ይጣሉኛል።»

ጀሪካኔን ተሸክሜ ከገበያው ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የባሌን እህት እጅ፣ ያን ገንቦ በጢሱ ላይ ሲደፋ፣ እያየሁ ተመለስኩ። የእሷ አረቄ ጢስ ሸትቶ አያውቅም። እንግዲህ አውቃ ነው ያደረገችው አልኩ።

ገንቦውን በፈላ ውኃ ደጋግሜ አጥቤ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት። የሦስተኛውን ጓዳ ትቼ፣ በአዲስ ድፍድፍ፣ ሳላጥን፣ እሳቱን አለዝቤ፣ ገንቦው እንዲቀዘቅዝ የተቀመጠበትን ውኃ በሞቀ ቁጥር እየለወጥኩ አራተኛ አወጣሁ። ጣቴን ነክሬ አሸተትኩ። ምንም። ያቃጥላል እንጂ አይሸትም።

በሙት ዓመቱ ዕለት መጀመሪያ የቀዳሁት እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ለተማሩ አንድ አዛውንት መሪጌታ ነበር። ጠጥተው ብርጭቋቸውን ደገሙ። የባሌ እህት የእሷን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ ጠጣችው፤ ምንም አላለችም። ይሄን ዝምታ ነበር ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት። ከባሌ ጋር አብሮ ያርስ የነበረ አንድ ሽማግሌ ግን አንዴ ተጎንጭቶ፣ «ይሄማ የእሱ ቤት አረቄ አይደለም። ጢሱን የት አደረስሽው?» አለኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ወደ እሷ ዞርኩ።

«አንቱ፣ ያን ገንቦ አጥኚው ብለው ለምን አስተማሩኝ?»

«ወንድሜ ነዋ ያዘዘኝ። ጢስ ካልሸተተው አይጥመውም ነበር። የእኔን ገንቦማ አጥኜም አላውቅ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የባልሽን አመል እኔ ነኝ የምነግርሽ?»

«በተዝካሩ ቀን ለምን አስነሱት?»

«የእሱ ነበራ» አለች። «እሱ ከሌለ ያን ለማን ልቅዳው?»

ትዋሽ ይሆናል፤ መልስ አጥታ አታውቅም። ግን ባሌ ሰው ቤት አረቄ ሲቀርብለት አለመንካቱ ትዝ አለኝ። እኔ ኩራት ነበር የሚመስለኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ኖረን፣ አንድ ቀን እንኳ «ጥሩ ነው» ቢለኝ ምን ነበረበት? ማንን መቀየም እንዳለብኝ ጠፋኝ። እሷን እንዳልል ምክንያቷን ሰጠች፤ እሱን እንዳልል ሞቷል።

ሽማግሌው አሁንም ብርጭቆውን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ጓዳ ገብቼ የሦስተኛውን፣ የጢሱን፣ አወጣሁለት። ስቀዳለት የባሌ እህትም ብርጭቆዋን ዘረጋች። ቀዳሁላት። አፏን ታጣምም እንደሆነ ፊቷን እያየሁ ቆምኩ። አላጣመመችም። ግን አልጨረሰችውምም።