ከአውቶቡስ የሚወርደው ወንድም

የአውቶቡስ በር ሲከፈት «ፍሽሽ» የሚለውን የአየር ድምፅ ስሰማ ዛሬም ቅናቴ ይነሳል። አትሳቁብኝ። ሌላው ሰው ዘፈን ሰምቶ ሆዱ ይባባል፤ እኔ የአውቶቡስ በር ሰምቼ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሳለን እኔና ጎረቤቴ ፕሮግራሚንግ እንማር ነበር። ኮድ መጻፉን ኮሌጅ አሳይተውናል፤ በደንብ መጻፉን ግን ማን ያሳየን? እኔ ፊልም ከሚጭነው ሱቅ ፍላሼን በትምህርት ቪዲዮ አስሞላለሁ። ግማሹ ያረጀ፣ ግማሹ መሀል ላይ የተቆረጠ ነው። አንዱ አስተማሪ «ከየመስመሩ በላይ ማብራሪያ ጻፉ» ይላል፤ ቀጣዩ መጥቶ «ማብራሪያ የሚያስፈልገው ኮድ መጥፎ ኮድ ነው» ብሎ ያፈርሰዋል። የትኛውን ልመን?

እሷ ግን መሀል ከተማ ሶፍትዌር የሚሠራ ወንድም ነበራት። የላከችለትን ኮድ በዚያ ሁሉ መንገድ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ፣ በስልኩ ያነብላታል። አመሻሽ ላይ ፌርማታው ጋ ትጠብቀዋለች። በሩ ፍሽሽ ይላል፣ የጋለ ፍሬን ይሸታል፣ እሱም ገና እግሩ መሬት ሳይነካ «ይሄ ፈንክሽን የሁለት ሰው ሥራ ነው የያዘው፤ ለያዪው» ይላታል።

«ይሠራል አይደል እንዴ?» ብላ ትነጫነጫለች።

እኔ ከሱቅ የገዛሁትን ዳቦ ታቅፌ፣ ጆሮዬን አቁሜ ከኋላቸው እከተላለሁ። እቀናባት ነበር። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል፤ ያ መድኃኒት ግን የታዘዘው ለእሷ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እሷን ጉንፋን አስተኛት። ፌርማታው ላይ ብቻዬን ጠበቅሁትና ኮዴን በስልኬ ዘረጋሁለት። ቦርሳውን ሳያወርድ አነበበው።

«ይሄ ኤክስ ያልሽው ምንድን ነው?»

«የተማሪው ውጤት።»

«ታዲያ ውጤት በይዋ። ነገ የሚያነበው ሰው አንቺን ከየት አምጥቶ ይጠይቅሽ?»

ሌላ አላለኝም። በማግስቱ እሷ ተሻላት፣ እኔም ከኋላቸው መከተሌን ቀጠልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ በዚያች አንድ ንግግር እንጀራ እበላለሁ፤ ቢሮ ውስጥ የጀማሪዎቹን ልጆች ኮድ ሳይ አፌ ላይ የሚመጣው ያችው ንግግር ናት። እሱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሐዋሳ ሄደ። እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ማታ ተነግሯት ኮዱን ትታ ባንክ ገባች።

በቀደም ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት።

«ወንድሜ እኮ ሲደውል ሁሌ ስላንቺ ይጠይቀኛል» አለችኝ። «ያቺ ጎረቤትሽ አሁንም ኮድ ትጽፋለች ወይ ይለኛል።»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ታክሲው ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጬ ግን ያ ቅናቴ ተመልሶ መጣብኝ። ስለ እኔ የሚጠይቀውም ለእሷ ደውሎ ነው።