የመምህር የቁም ተዝካር

2009 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ዝናቡ ቆሞ ገብሱ ነጥቷል። እሑድ ነው። ቅዳሴ ያስቀደስሁበትን ነጠላ እንደለበስሁ፣ እጄ ጌሾ ጌሾ እየሸተተ ታሰርሁ።

ያስገቡን ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በየስንጥቁ የገብስ ፍሬ ገብቶበታል። መካከሉን በጣውላ ከፍለው ወዲህ ሴት፣ ወዲያ ወንድ አድርገውታል። ጣውላው ጣሪያ አይደርስም፤ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ነው። በወዲያኛው በኩል አንድ ሰው ሲስል ሰማሁ። የመምህር ሳል ነው። ተመስገን አልሁ፤ አብረን ነን።

መምህር ጎረቤቴ ነበሩ። እዚህ ቆሰበር ከተማ አጥራችን አንድ ነው። በወጣትነታቸው ከሞጣ በኩል መጥተው በግምጃ ቤት ከተማና በዙሪያው ገጠር ከሠላሳ ዓመት በላይ አንደኛ ክፍል አስተማሩ። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ባለቤታቸው አረፉ። ልጅ አልወለዱም። የእኔን ሦስቱንም ልጆች ፊደል ያስቆጠሩልኝ በጡረታቸው ነው፤ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው።

በአገራችን ልጅ የሌለው ሰው አንድ ሐሳብ አለበት፤ ሲሞት ተዝካሩን ማን ያወጣለታል? ስለዚህ አንዳንዱ በሕይወቱ እያለ ራሱ ያወጣዋል። ካህናት ይጸልያሉ፣ ነዳያን ይበላሉ፣ ባለ ተዝካሩ ራሱ ቆሞ ያስተናግዳል። የቁም ተዝካር ይባላል። መምህርም በዚያ ዓመት ሳላቸው ሲጠናባቸው ይህንኑ አሰቡ። የንስሐ አባታቸውም ፈቀዱላቸው። የጽጌን ጾም የያዘ ሰው እንዳይቀርበት ወጡ የጾም ይሁን አሉ መምህር።

ጠላውን የጠመቅሁት እኔ ነኝ። እንግዶቹን የጠራሁትም እኔ ነኝ፤ የእሳቸው ዓይን ደክሞ ነበር። አንድ ሰማያዊ ደብተር ነበራቸው። ያስተማሯቸውን ልጆች ስም በየዓመቱና በየቀበሌው ጽፈውበታል። ከሞቱት ስም አጠገብ ትንሽ መስቀል አለ። የቀሩትን ስልካቸውን እያፈላለግሁ፣ ኔትወርክ የሚገኝበት የአጥሩ ጥግ ላይ ቆሜ እየደወልሁ ጠራሁ። ከስሞቹ ሁሉ አንዱ ብቻ በቀይ ተሰምሮበታል።

"ይህን ልጅ ሳታገኚ እንዳትቀሪ" አሉኝ። "እሱ ካልመጣ ተዝካሬ ተዝካር አይሆንም።"

"ምን ያደረገልዎት ልጅ ነው?"

"እሱ ምንም አላደረገም" አሉኝ።

"ልጅ" ያሉት ሰው አርባ አምስት ዓመት የሆነው የዳንግላ አናጺ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሳምንት ነው የፈለግሁት። በስልክ ማን እንደጠራው ስነግረው፣ እመጣለሁም አልመጣምም ሳይል ዘጋው። መጣ ግን።

ያኔ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጇል። ሳይፈቀድ ሰው መሰብሰብ አይቻልም። አዋጁ ለተዝካርም ይሠራል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው እንደሄዱ፣ ድፎ ዳቦው ገና ሳይቆረስ፣ ፖሊሶች የጫነ መኪና ዳሱ አጠገብ ቆመ።

"የምን ስብሰባ ነው?" አለ አለቃቸው።

"ተዝካር ነው" አሉ መምህር።

"የማን?"

"የኔ።"

ሰውየው ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። "ሞተዋል?"

"ገና ነኝ።"

ዳሱ ሙሉ ሳቀ። መሳቃችን አልበጀንም። ደብተሩን ወሰዱ። መምህርን ወሰዱ፤ ደዋይዋ ማን ናት ብለው እኔን ወሰዱ፤ ስሙ የተሰመረበት የቱ ነው ብለው አናጺውን ወሰዱ፤ ከቀሩት ወንዶችም አራት አምስት ጨመሩ። ከግምጃ ቤት የመጣች አንዲት ድንች ነጋዴ ነበረች፤ እሷም ተማሪያቸው ናት። "ኧረ መጀመሪያ ይብሉና ይታሰሩ!" አለች። እሷንም ጫኗት።

ከቀትር በኋላ ወደ መርማሪው ተጠራሁ። ወጣት ነው፤ ታናሽ ወንድሜን ያህላል። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ደብተሩን ገልጦ ነበር።

"እነዚህ መስቀል ያለባቸው እነማን ናቸው?"

"የሞቱት ናቸው።"

"ይሄ በቀይ የተሰመረበትስ? አስተባባሪው እሱ ነው አይደል?"

"ለምን እንደተሰመረ አላውቅም።"

አንድ የተጻፈ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። ተዝካሩ የስብሰባ ሽፋን ነበር ይላል። "ከታች ፈርሚ። ዛሬውኑ ልጆችሽ ጋ ትገቢያለሽ።" እጄን ሳልዘረጋ ስቆም ወረቀቱን መልሶ ወሰደው። "እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት" አለኝ።

ትንሿ ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። ከእኔ ጉያ ሌላ ተኝታ አታውቅም።

ስመለስ ከጣውላው ማዶ አናጺው ይጮሃል። "ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ሰውዬ ሸሽቼ ኖሬ፣ ተዝካሩን ልበላ መጥቼ ልታሰር! ያውም ሳልበላ!" አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ከዳንግላ ድረስ ያስመጣሁት እኔ ነኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ባለቤቴ ድፎውን በኮባ እንደተጠቀለለ ይዞ መጣ። ጠባቂው በእንጨት ወጋ ወጋ አድርጎ ፈተሸና በእኔ ስም ስለመጣ ለእኔ ሰጠኝ። ነጋዴዋ በበሩ ክፍተት አየችው።

"አንተስ የመምህር ተማሪ ነህ?"

"እኔ የሌላ አገር ሰው ነኝ" አለ። "ደግሞ ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት።"

"ለዚህ ነዋ በር ላይ የቀረኸው!"

ጠባቂውም ሳቀ። ያን ቀን ደጉ ሰው እሱ ነበር።

እኔ ተነሥቼ ወደ ላይ ተጣራሁ። "መምህር፣ ድፎው መጥቷል። እንቁረሰው?"

"ቆዩ" አሉ። "የነዳያን ነው እኮ።"

"ከእኛ የባሰ ነዳይ ከየት ሊመጣልዎት ነው?" አለች ነጋዴዋ። "ይልቅ በተዝካር ስለ ሟቹ ይወራል። ሟቹ እዚሁ ናቸው፤ ይስሙ። እኔ ልጀምር። የገበያ ቀን ከትምህርት እቀር ነበር፤ ከእናቴ ጋር ድንች ልሸጥ። መምህር ገበያ ድረስ ይመጡና ማዳበሪያ ጆንያው ላይ የተጻፈውን አንብቢ ይሉኛል። እስካነብ ገዢ አያስጠጉም። እናቴ 'ይኼ ሰውዬ ድንቼን ሊያበሰብስብኝ ነው' ትል ነበር።"

ከማዶ አንድ የዘንገና ገበሬ ቀጠለ። "እኔ አፌን የፈታሁት በአዊኛ ነው። ትምህርት ቤት ስገባ አማርኛ የለኝም፤ እሳቸው ደግሞ አዊኛ የላቸውም። ከእኛ ይማሩ ነበር። ቃል ሲሳሳቱ ራሳቸውን ይቀጣሉ። ሄደው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ። 'ይበቃል መምህር' ካላልናቸው አይመለሱም።"

"አንድ ቀን እዚያው ረስታችሁኝ ለዕረፍት ወጣችሁ" አሉ መምህር።

ሁለቱም ክፍል ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ መምህር ሳሉና እንዲህ አሉ።

"ጻድቅ አደረጋችሁኝ። ይበቃል። የተሰመረበት ስም የማን እንደሆነ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዛሬ እዚህ የገባው በእኔ ቀይ መስመር ነው። በእኔ ሲበደል ይህ ሁለተኛው ነው።"

ቀጥለው አናጺውን እንዲህ አሉት።

"አንደኛ ክፍል ሳለህ ብዕሬ ጠፋ። ከጠረጴዛዬ አጠገብ የተቀመጥኸው አንተ ነበርህ። በልጆቹ ፊት አቁሜ ሌባ አልሁህ። በማግስቱ አልመጣህም። ከዚያ ወዲያም አልመጣህም።"

"አልሰረቅሁም" አለ አናጺው። ድምፁ የትልቅ ሰው አልመሰለኝም።

"አውቃለሁ። በሳምንቱ ከኮቴ ገበር ውስጥ አገኘሁት። ኪሴ ተቀዶ ኖሯል። ልነግርህ ሁለት ጊዜ እናንተ ደጅ ድረስ መጣሁ፤ ሁለት ጊዜም አፍሬ ተመለስሁ። ሌባ ያልሁህ በሰው ፊት ነው። ይቅርታውንም በዳሱ ውስጥ፣ በሰው ፊት ልጠይቅህ ነበር ያስጠራሁህ። ዳሱ አልሆነልኝም። እዚህ ያለው ሰው ይስማኝ። በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።"

"አባቴ ምን ያህል እንደገረፈኝ አያውቁም" አለ አናጺው። ደግሞም፣ "ልጆቼን አስተምሬያለሁ። እኔ ግን እርሳስ የምይዘው ጣውላ ላይ ለማስመር ብቻ ነው።"

ድፎው ጭኔ ላይ ነው። ከብዶኛል። እሱ ካልማራቸው ይህ ዳቦ ምንም እንዳልሆነ አሁን ገባኝ። እመ ብርሃን ሆይ፣ እባክሽን አልሁ በልቤ።

"መምህር" አለ አናጺው።

"አቤት።"

"ተነሡና ወደ ግድግዳው ይዙሩ።"

ማንም አልሳቀም። መምህር እያቃሰቱ ሲነሡ ሰማሁ። እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው እኛን ከለየን ጣውላ ፊት ቆሙ። እኔ በወዲህ ነኝ፤ ትንፋሻቸው በስንጥቁ ይሰማኛል። ሳል ይዟቸው አፈኑት። ብዙ ቆሙ። ነጋዴዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"ይበቃል መምህር" አለ አናጺው። "ይቅር ለእግዜር። ዳቦው ይምጣ፤ ርቦኛል።"

አማተብሁና ቆረስሁ። ነጋዴዋ የውኃ ጀሪካን ላይ ቆማ በጣውላው አናት እያሳለፈች ሰጠች። በወዲያ በኩል የተቀበለው የአናጺው እጅ ነው፤ ሻካራ፣ ሰፊ እጅ። ለጠባቂውም በበሩ ሰጠነው። ስንጨርስ መምህር፣ "ላልመጣ ሰው አንድ ድርሻ አስቀሪ" አሉኝ። በቤታቸውም ልማዳቸው ነው። አንድ ቁራሽ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በሐሳቤ ለትንሿ ልጄ ነበር ያስቀረሁት።

በስድስተኛው ቀን ተፈታን። ለምን እንደታሰርን የነገረን አልነበረም፤ ለምን እንደተፈታንም እንደዚያው። ደብተሩን መለሱልን። መምህር ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። አናጺው በየበዓሉ ከዳንግላ በሚኒባስ ይመጣ ነበር። አንድ ጊዜ የቤታቸውን በር ጠገነ፤ መምህር አጠገቡ ተቀምጠው በእርሳሱ ስሙን ሲያስጽፉት በአጥሩ አየሁ። ሲያርፉም ሣጥናቸውን የሠራው እሱ ነው። በአርባቸው ተዝካር ይውጣላቸው የሚል ሰው ተነሣ። የንስሐ አባታቸው፣ "ወጥቷል" አሉ። እኔም፣ "ወጥቷል፤ በልቻለሁ" አልሁ።

ደብተሩ አሁን እኔ ዘንድ ነው። በመጨረሻው ገጽ የእሳቸውን ስም ጽፌ አጠገቡ ትንሽ መስቀል አድርጌያለሁ። ሰው ስለ እስሩ ሲጠይቀኝ የማወራው ብዙ የለኝም። ከስድስቱ ቀን አንዱን ግን በምንም አልለውጠውም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ድፎው በተቆረሰ ማግስት ጠዋት ግን፣ ገና ሳንፈታ፣ ወደ መርማሪው ተጠርቼ ነበር። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"አሰብሽበት?"

"አስቤበታለሁ።" ስለ ብዕሩና ስለ ኮቱ ገበር ነገርሁት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለባለ ሥልጣን ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ቀዩን መስመር ብዙ አየው።

"ይሁን" አለ። "ፊርማውስ? ልጆችሽ አያሳዝኑሽም?"

"አባታቸው አለ። እግዜርም አለ። ተዝካሩ ግን እውነት ነው፤ ትናንት ተበልቷል።"

የነጠላዬን ቋጠሮ ፈታሁ። ዳቦው ትንሽ ደርቋል።

"ላልመጣ ሰው አስቀሪ ተብዬ ነበር" አልሁትና፣ ቁራሿን ወረቀቱ ላይ፣ ፈርሚ ያለኝ ቦታ ላይ አኖርሁለት።