ቢላ ያልነካው ዳቦ ቆሎ

የበደለችኝ የአባቴ እህት ናት። ጊዜው ስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ሞታለች ብላ ነገረችኝ። ስሟን አልጽፍም፤ ዘመዶቿ አሉ፣ ዘመዶቿ ደግሞ የእኔም ዘመዶች ናቸው። የሠራችውን ግን እጽፋለሁ። ቀብሯ ላይ ምን ዓይነት ደግ ሴት እንደነበረች ሲወራ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ያን ዕለት አፌን ይዣለሁ፤ አሁን አልይዝም።

አባቴ የሞተው ድርቁ ሳይጠና ነው። በሬዎቹ ሲያልቁ እናቴ እኔን መካነ ሰላም ከተማ ካለችው አክስቴ ዘንድ ይዛኝ መጣች። አክስቴ ልጅ አልወለደችም። ጎተራዋ ውስጥ ገብስ ነበራት። "ልጅቷን ተያት፤ ለሁለታችሁ ግን አይበቃም" አለቻት እናቴን። ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። እናቴ አልተከራከረችም። ከወግዲ ከመጡ ሰዎች ጋር ሆና እህል ይታደላል ወደተባለበት ወደ ደሴ በኩል ሄደች። ስትሄድ በነጠላዬ ጫፍ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ። ለራሷ የያዘችው ስንቅ ነበር።

ስለዚያ ዳቦ ቆሎ መናገር አለብኝ። እናቴ ለመንገደኛ የሚሆን ስንቅ ቢላ አታስነካም ነበር። ብረት የነካው ስንቅ መንገደኛውን ከቤቱ ይቆርጠዋል የሚል ነገር ከእናቷ ሰምታለች። ሌላው ሰው ሊጡን እንደ ገመድ አድቦልቡሎ በቢላ ሲከታትፍ እሷ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ጥፍር እየቆነጠረች ትጥለዋለች። ስለዚህ እያንዳንዷ ፍሬ ሁለት የጥፍር ምልክት አለባት። የአውራ ጣቷን ጥፍር ደግሞ በልጅነቷ ማጭድ ሰንጥቆት ነበርና ያኛው ምልክት መሐሉ ላይ ይከፈላል። የሰጠችኝን ቶሎ አልጨረስኩትም። አንዷን ፍሬ አፌ ውስጥ አቆይቼ ምልክቱን በምላሴ እፈልገው ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ አክስቴ አንድ ቀን ጠራችኝ። ከመንገደኛ ሰማሁ አለች፤ እናትሽ መጠለያ ውስጥ ተስቦ ይዟት አረፈች። አብረን አለቀስን። እሷም እንባ ነበራት፤ ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ነጩን ቀሚሴን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነክራ ራሷ አቀለመችልኝ። ከዚያ ወዲያ ከል ለብሼ ትምህርት ቤት ተመላለስኩ። አበላችኝ፣ ጫማ ገዛችልኝ፣ ፀጉሬን ቅቤ ቀባችኝ። ይሄንንም እጽፋለሁ፤ የሆነ ነገር ነውና።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ አክስቴ የምታሳርሰው መሬት ሄደ። ይበልጥ የቆጫት ግን መሬቱ አይመስለኝም፤ "እመቤቴ" ይሏት የነበሩት ገበሬዎች "አንቺ" ብለው ሲጠሯት ነው ቤቷን ዘግታ መሄድ ያማራት። አዲስ አበባ የአጎቷ ልጅ አለ፤ እሱ ቤት ቴሌቪዥን አለ። "እግራችንን ዘርግተን ቴሌቪዥን እናያለን" ትለኝ ነበር። እንድሄድላት በዚህ ታባብለኝ ነበር፤ ሌላ የሚያስቀኝ ነገር አታውቅም።

የሄድነው ግንቦት ላይ፣ የእርዳታ እህል አራግፎ ባዶውን ወደ ደሴ በሚመለስ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። አክስቴ ጋቢና ገባች። እኔ ኋላ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ከእኔ ጋር ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዲት የወረኢሉ ነጋዴ ሴት፣ መካነ ሰላም ተድራ የወለደች ልጃቸውን አርሰው የሚመለሱ፤ አንድ ቄስ፣ ደሴ ጥርስ ሊያስነቅሉ የሚሄዱ፤ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘማች ተማሪ፣ ለስብሰባ የተጠራ።

ዝናቡ ዘግይቶ ነበርና የዚያን ዕለት ፀሐይ ታቃጥል ነበር። አቀስታ ስንደርስ ቄሱ ወደ ገበያው እያዩ፣

"ብርዳሙ አቀስታ ላይ ሰው ጋቢውን አውልቆ አየሁ። እንግዲህ ምጽአት ቀርቧል" አሉ።

"አንቱም ያውልቁና እኛም እንመን" አሉ ሴትዮዋ።

"እኔማ ከታች የለበስኩት ቀዳዳ ነው።"

ዘማቹ ሳቀ። "ይሄ ሙቀት ነው እንዴ አባ? ኮምቦልቻ ቢወርዱ ይሄንን ፀሐይ ጥላ ይሉት ነበር።"

"ኮምቦልቻ ምን አለኝ! ለጥርሴ ነው የምሄደው። እሱም ቢሆን መኪናው ሲያንገጫግጨኝ ድኗል መሰለኝ፣ አቀስታ ልውረድ ወይ እያልኩ ነው።"

"ወላሂ አይወርዱም" አሉ ሴትዮዋ። "ጥርስ ፈርቶ የተመለሰ ቄስ ቢባሉ ማን ይናዘዝልዎታል?"

ዘማቹ ደሴ ሲገባ መጀመሪያ የሚበላውን ይነግረን ጀመር። ፓስታ ነው የናፈቀው። ምንድን ነው ቢሉት ከስንዴ የሚሠራ፣ እንደ ክር ቀጭንና ረዥም ነገር ነው አለ።

"ክር ለመብላት ነው ደሴ ድረስ!" አሉ ሴትዮዋ። "እኛ ቤት ብትመጣ ቋጠሮም አበላህ ነበር።"

"ቴሌቪዥንም ናፍቆኛል" አለ እሱ።

ያን ጊዜ ቀና አልኩ። ሴትዮዋ ምን እንደሆነ ጠየቁት። ሣጥን ነው፣ ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ ሰው ይናገራል፣ ይዘፍናል፣ ዜና ያነባል አላቸው።

"እኛንስ ያየናል?"

"አያይም እናቴ።"

"አልሐምዱሊላህ። ይሄን ነጠላ ለብሼ!"

ዘማቹ ግን መሳቁን ትቶ ወደ መንገዱ ዳር አየ። "መስከረም ላይ የወሎን ሰው አሳዩን" አለ። "መጠለያ ውስጥ ያለውን። እኔ እራቴን እየበላሁ ነበር።"

ቄሱ አማተቡ።

ወደ ዘማቹ ጠጋ አልኩ። "የሞተ ሰውም ያሳያል?" አልኩት።

"ፎቶ ከተነሣ ያሳያል። ለምን ጠየቅሽኝ?"

አዲስ አበባ ለመሄድ እሺ ያልኩት ለዚህ ነበር። አክስቴ ስለ ቴሌቪዥን ስታወራ፣ አንድ ቀን ያንን መጠለያ ያሳዩ ይሆናል፣ እናቴ በዚያ በኩል ታልፍ ይሆናል ብዬ ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

ከአቀስታ ወዲያ ዳገቱን ስንጨርስ የመኪናው ውሃ ፈላ። ሾፌሩ አቆመና ክዳኑን ሲከፍት እንፋሎቱ ሽቅብ ወጣ። ረዳቱ ቆርቆሮ ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። እኛ በመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ አክስቴ ጃንጥላዋን ዘርግታ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከእኛ ጋር መቀመጥ አልወደደችም።

የምሳ ነገር ተነሣ። ቄሱ በሶ አወጡ። ዘማቹ ብስኩት አወጣ፤ ሙቀቱ አጣብቆት ነበር። ሴትዮዋ ከመቀነታቸው ሥር ትንሽ ከረጢት ፈትተው "እንግዲህ ሁላችሁም ዝገኑ፣ የጾምም የፍስክም ነው፣ ዘይት እንጂ ቅቤ የለበትም፣ አባ አይፍሩ" አሉና ለእኔ በመዳፌ ሙሉ ሰጡኝ።

ዳቦ ቆሎ ነው። አንዷን አነሣሁ። ወደ አፌ ስወስዳት ጣቴ የጥፍር ምልክት ነካ። ገልብጬ አየኋት። በዚያኛው በኩል ሌላ ምልክት አለ፤ መሐሉ ላይ ይከፈላል። ሌላ አነሣሁ። እሷም እንደዚያው ነች። ሁሉም እንደዚያው ነው።

"እማማ፣ ይሄን ማነው የሠራው?"

"ጣፈጠሽ? እኔ ጓሮ የተጠጋች ስደተኛ ናት። በክፉው ቀን ከመጠለያ ወጥታ ደጄ ወደቀች፣ አነሣኋት፣ ይሄው ዛሬ የወረኢሉ መንገደኛ ሁሉ ስንቁን ከእሷ ይገዛል። ቢላ አላስነካም ትላለች፤ ጣቷ እስኪላጥ ትቆነጥራለች።"

"ልጅ አላት?"

"ነበረቻት። መካነ ሰላም ዘመድ ቤት አስቀምጣት ነው የወጣችው። ነፍስ ስትዘራ መንገደኛ ላከች፣ ልጄን አምጡልኝ ብላ። የባሏ እህት በዚያው መንገደኛ ‘ልጅሽ በኩፍኝ ሞታለች፣ አትድከሚ’ አለቻት።" ሴትዮዋ እያወሩ ቀሚሴን አዩ። ከዚያ ፊቴን አዩ። "አንቺ ይሄን ከል ለማን ነው የለበስሽው?"

"ለእናቴ።"

ከረጢቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "ያ ረቢ" አሉ ቀስ ብለው። "እሷም ላንቺ እንደዚህ ለብሳለች።"

ቄሱ በሶውን እንደያዙ ቀሩ። ዘማቹ ወደ አክስቴ ዞሮ "ይቺ ናት?" ብሎ ሊነሣ ሲል ሴትዮዋ በእጅጌው ጎትተው አስቀመጡት። "አንተ ተቀመጥ፤ ስብሰባ አይደለም። የልጅቷ ነገር ነው።"

ተነሣሁ። መዳፌን እንደጨበጥኩ ወደ አክስቴ ሄድኩ።

"እትዬ፣ ቅመሺ።"

ከመዳፌ አንዷን አነሣች። ከተማ ሳትገባ ከእናቴ ጋር አንድ ግቢ የኖረች ሴት ናት፤ የወንድሟን ስንቅ እናቴ ስትቋጥር አይታለች። ፍሬዋን በጣቷ አገላበጠቻት። ጃንጥላው ፊቷን አጥልቶበት ነበር፣ እጇን ግን አየሁት። ፍሬዋን መልሳ መዳፌ ላይ አስቀመጠቻት።

"ጥርሴን ያመኛል" አለች።

ቀጥላ፣ "አሁን ጋቢና ከእኔ ጋር ግቢ። እንጠጋጋለን" አለች።

"ጋቢና ይሞቃል። ኋላ ነፋስ አለ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ቢያንስ ያን ጊዜ እውነቱን ብትነግረኝ፣ የሆነ ነገር ብትል ብዬ ጠበቅኩ። ስለ ፀሐዩ ተናገረች። ዘንድሮ ምን ዓይነት ፀሐይ ነው አለች።

መኪናው ውሃውን ጠጥቶ ተነሣ። ኋላ ማንም ስለ እናቴ አላወራም። ሴትዮዋ እጄን በእጃቸው ይዘው "አብሽሪ" ይሉኛል፤ ለቄሱም ስለ ጥርስ መንቀል የሰሙትን ክፉ ክፉውን ይነግሯቸዋል። ቄሱ ይጮኻሉ። እኔን ሊያስቁኝ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። በሕይወቴ ከተጓዝኩባቸው መንገዶች ሁሉ ደግሜ ልሄድበት የምፈልገው ያንን ብቻ ነው።

የወረኢሉ መገንጠያ ላይ ሴትዮዋ የመኪናውን ቆርቆሮ ደበደቡ። ዘማቹ ዘሎ ወርዶ እሳቸውን አወረደ፣ ከዚያ እኔን። የጋቢናው በር ተከፈተ።

"ወዴት ነው?" አለች አክስቴ።

"እናቴ ዘንድ።"

ሞታለች አላለችም። "አንቺን ብዬ ነው ቤቴን የዘጋሁት" አለች። ቀጥላ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቴሌቪዥኑስ?" አለችኝ።

ይሄ ቃሏ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ፤ ትንሽ እንድታሳዝነኝ ስላደረገ።

ቄሱ ከላይ ሆነው በሶአቸውን በወረቀት ጠቅልለው ወረወሩልኝ። መኪናው ሄደ። መገንጠያው ላይ ከአንድ ቤት አድረን በማግሥቱ ሌላ መኪና አግኝተን ወረኢሉ ገባን።

እናቴ ከሴትዮዋ ጓሮ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ ጀርባዋን ሰጥታን ሊጥ ትቆነጥር ነበር። ጥቁር ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላዋለች፤ ትከሻዋ ቀጥኗል። ሴትዮዋ "እህቴ፣ ዳቦ ቆሎሽን የወደደች እንግዳ አመጣሁልሽ" አሉ። ዞር አለች። አየችኝ። እጆቿ ግን አላቆሙም፤ ሊጡ እስኪያልቅ ሳትመለከተው ቆነጠረችው፣ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም። ዓይኗን ዘወር ያደረገች እንደሆነ እንዳልጠፋ የፈራች ትመስል ነበር። ሊጡ ሲያልቅ ዱቄታም እጇን ዘርግታ ጥቁሩን ቀሚሴን ያዘች። የጣቶቿ ምልክት ነጭ ሆኖ ቀረበት።

"አድገሻል" አለችኝ። "በልተሻል?"

ቄሱ የሰጡኝን በሶ አወጣሁ። በጥብጣ ሦስታችን ጠጣን።

ወረኢሉ ብዙ ዓመት ኖርን። ኋላ ደመወዝ ስበላ ቴሌቪዥን ገዛሁላት። ዜና አንባቢው ደህና እደሩ ሲል "አሜን ልጄ፣ አንተም ደህና እደር" ትለው ነበር። አያይሽም ብዬ ነገርኳት። "እኔ አየዋለሁ፤ ይበቃል" አለችኝ።

አክስቴ አዲስ አበባ አልደረሰችም፣ ደሴ ቀረች። ሰው ትልክብኝ ነበር። አንድም ጊዜ መልስ አልላክሁም። ስትሞት ደሴ ሄድኩ። ቀብሯ ላይ ቆምኩ። ጥቁር አልለበስኩም።