የእኛን ገብስ የዘለለው በረዶ

እርጥብ ጓሳ በሸተተኝ ቁጥር አባቴ በቅሎውን እየነዳ ከጉና ሲወርድ ይታየኛል።

ቤታችን በጋይንት በኩል፣ ከጉና ተራራ ግርጌ ነበር። ክረምት በገባ ጊዜ አባቴ ተራራው ላይ የወረደውን በረዶ እየዛቀ፣ ጉድጓድ ውስጥ እየጠቀጠቀ፣ በጓሳ ሣር ሸፍኖ ያስቀምጠው ነበር። ከዚያም በቆዳ ጠቅልሎ፣ በበቅሎ ጭኖ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ደብረ ታቦር ለአንዲት መጠጥ ሻጭ ያደርስ ነበር፤ ያን ጊዜ ከተማው መብራትም ማቀዝቀዣም አልነበረውም።

ጎረቤታችን አያ ታከለ መንገድ ላይ ሲያገኘው «ደስታ፣ ዛሬም ውሃህን ልትሸጥ?» እያለ ይስቅበት ነበር። እናቴ ግን አትስቅም። «አንቱ፣ የእግዜርን ቁጣ ጉድጓድ ውስጥ አሳድረው ይነግዱበታል፤ ሌላውን ቢጠራብንሳ?» ትለው ነበር። በእኛ አገር በረዶ ያስቀመጠ ሰው በረዶ ይጠራል ተብሎ ይፈራ ነበርና።

ክረምቱ ወጥቶ፣ ጥቅምት ገብቶ፣ ገብሱ ለአጨዳ በደረሰ ጊዜ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው ሲያባራ ወጥተን አየን፤ የአያ ታከለ ገብስ መሬት ላይ ተነጥፏል፣ ከወንዙ ማዶ ያለውም እንዲሁ። የእኛ ብቻ ቆሟል። እናቴ ደረቷን ይዛ «ምነው የእኛንም በመታው!» አለች። የቆመ ገብስ እንደዚያ ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም።

እሑድ ቅዳሴው ሲያበቃ ሰዉ ከደጀ ሰላሙ አልበተንም አለ። አያ ታከለ አሁን አይስቅም።

«በረዶህ ቤቱን ያውቃል እኮ፣ ደስታ! ያንተን ዘሎ የልጆቼን ጉሮሮ መታ!»

ሌሎቹም ቄሱን «አባ፣ ይገዝቱልን!» አሏቸው። የተገዘተ ሰው እሳት የሚሰጠው፣ ቢሞት የሚቀብረው የለም። የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ ቄሱ መስቀላቸውን ሲያነሡ አየሁ።

አባቴ አልማለም፣ አልተሟገተም። «አባ፣ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ» ብሎ ወደ አያ ታከለ ዞረ።

«እኔ በረዶ አልጠራሁም። ግን የእኔ ቆሞ የአንተ ከወደቀ ምን ብል ታምነኛለህ? ማጭድህን ይዘህ ና፤ ሁላችሁም ኑ። ገብሱን እኩል እንካፈል፣ ጉድጓዱንም በእጃችሁ ድፈኑት።»

ቄሱ መስቀላቸውን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱ።

ሰኞ የመንደሩ ሰው ሁሉ እኛ ማሳ ላይ አጨደ። አያ ታከለ እስከ ቀትር ቀና ሳይል አጨደ፤ በመጨረሻ ከእናቴ እጅ ጠላ ተቀብሎ ጠጣ፣ እናቴ ያኔ ቁጭ አለች። ያን ዓመት ፋሲካ ሳይደርስ እህላችን አለቀ፤ አባቴም ዳግመኛ በረዶ አልጫነም።

ዛሬ የልጅ ልጄ ሱቃችን ውስጥ ከማቀዝቀዣው በረዶ አውጥቶ እየቆረጠመ ይጫወታል፤ የሚፈራው የለም፣ ደግ ነው። እኔ ግን በጥቅምት ሰማዩ ሲጠቁር አስቀድሜ የማየው የራሴን ማሳ አይደለም፤ የጎረቤቴን ነው።